ተጨማሪ መረጃ፦ እንደ ጌ ጋር የሚሰናዳ ገጽ

ጉግል እ.ኤ.አ. በ2005 ተጠቃሚ እንደ ፍላጎቱ የሚያሰናዳውን መነሻ ገጽ አቀረበ፤ በ2007 ስሙ «አይጉግል» ሆነ። ሰው ቴም የሚባለውን የገጽ መልክ ይመርጥ ነበር፤ ሰዓት፣ ዜናና የአየር ሁኔታ የሚያሳዩትን ጋጄቶች ደግሞ እየጎተተ በወደደው ቦታ ያኖር ነበር። አንዳንዱ ቴም በተጠቃሚው አካባቢ ሰዓት ቀንና ሌሊት ይለዋወጥ ነበር። አገልግሎቱ በ2013 ተዘጋ።

ጀጎል በሚባለው የሐረር አሮጌ ከተማ ለሚኖር ሰው እንዲህ እንደ ፍላጎት የማሰናዳት አሠራር እንግዳ አይሆንበትም። ጌ ጋር፣ ማለትም የሐረሪዎች ቤት፣ ውስጡ የታወቀ ቅርጽ አለው፤ ከፍታቸው የሚለያይ፣ ነደባ የሚባሉ አምስት መደቦች፣ በግድግዳው ውስጥ የተሠሩ የዕቃ ማስቀመጫዎች፣ በቀይ አፈር የተለቀለቀ ወለል። ግድግዳውን የሚሞላው ግን የባለቤቷ እጅና ዓይን ነው። በቀለማት ያጌጡ ስፌቶቿንና ሳህኖቿን እሷው መርጣ ትሰቅላለች፣ ትደረድራለች። ከሁሉ የሚደንቀኝ ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የሚቀመጠው ምንጣፍ ነው፤ በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ መኖሯን ያመለክታል ይባላል። እንግዳው ማንንም ሳይጠይቅ፣ ቀና ብሎ አይቶ ይረዳል። የአይጉግል ጋጄትም ይሠራ የነበረው እንዲሁ ነው፤ ገጹ ሲከፈት መረጃው ሳይፈለግ ዓይን ላይ ይወድቅ ነበር።