ቡሬና የ3 ሺህ 200 ብሩ ዱቄት

ባለፈው ጥር አንድ ምሽት አጎቴ ከወረታ ደወሉልኝ። «አንተ ልጅ፣ ቴሌግራምህን ክፈትማ፤ ትንሹ የላከልህን ነገር እይልኝ» አሉ። ከፈትኩት። የአንድ ነጭ ከረጢት ፎቶ ነው። 2 ኪሎ ዱቄት፣ ላዩ ላይ የወፈረች የፈረንጅ ላም፣ ከሥሯ ደግሞ «የሚሟሟ ፋይበር፣ በቀን 50 ግራም ብቻ፣ ወተት በእጥፍ» ይላል። ዋጋው 3 ሺህ 200 ብር።

አጎቴ ያለቻቸው ጥገት አንዲት ናት፤ ቡሬ። ከወለደች 2 ወር ሆኗታል። ጎድኗ ይቆጠራል፤ ጥጃዋ ከጠባ በኋላ ለቤት የሚተርፈው 1 ሊትር አይሞላም። «ዱቄቱን ልግዛላት ወይስ ገበያ ላውጣት?» አሉኝ። የተማርኩት የእንስሳት ሳይንስ ነው፤ የምሠራው ግን ባሕር ዳር ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው። ለቤተሰቡ ግን እስከ ዛሬ የላም ሐኪም እኔ ነኝ።

ቡሬ ተራ ላም አይደለችም። ነጭና ጥቁር የተዥጎረጎረችው የፎገራ ዝርያ ናት፤ ጣና ዳር ረግረግ ላይ የኖረች፣ ከአገር ውስጥ ላሞች በወተቷ የምትታወቅ። ዝርያውን ለማቆየት የአንዳሳ እንስሳት ምርምር ማዕከል ለዓመታት ሲለፋ ኖሯል፣ ምክንያቱም ንጹሕ ፎገራ ማግኘት እየከበደ ነው። አንዱ ምክንያት ከሌላ ዝርያ ጋር መደባለቋ ነው። ሌላውን ግን ከወረታ እስከ ጉማራ ድልድይ በመኪና ያለፈ ሁሉ በመስኮት ያየዋል፦ ሩዝ።

ሩዝ ፎገራ የገባው በደርግ ዘመን፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ ነው ይባላል፤ መጀመሪያ የተዘራውም በሻጋና በጅግና የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነበር። ዛሬም «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ ስሙን የያዘው ከዚያ ነው። ሩዙ ሰዉን አበላ፣ ቆርቆሮ ቤት አሠራ፤ ይሄን የሚክድ የለም። ግን የወል ግጦሹን ወሰደው። ከግጦሹ የተረፈው ላይ ደግሞ አሜካላ የሚባለው እሾሃም አረም ወጣበት። ስለዚህ ላሟ ሣር ትታ ወደ ሩዝ ገለባ ዞረች።

አሁን ወደ ዱቄቱ። ፋይበር (በመጽሐፍ አማርኛ «አሰር») ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ውኃ ውስጥ የማይሟሟው፣ የገለባው አጥንት ነው። ሌላው የሚሟሟው፤ ፔክቲን የሚባለው፣ ማርማላታን የሚያረጋው ነገር፣ ከዚህ ይመደባል። ላም ሁለቱንም በራሷ አትፈጭም። ትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው የሚያብላሉላት፤ እነሱ የሚያወጡትን አሲድ ደግሞ እሷ ጉልበትና ወተት ታደርገዋለች። የሚሟሟው ፋይበር ቶሎ ይብላላል፣ ደግሞም እህል በብዛት እንደበላች ላም ጨጓራዋን አያኮመጥጥም። ስለዚህ ሻጩ ከመሬት ተነሥቶ አልዋሸም። አውሮፓ የስኳር ድንች መሳዩን የቢት ጭማቂ አተላ፣ ብራዚል የብርቱካን ልጣጭ ለከብት የሚሰጡት ለዚህ ነው።

ችግሩ ያለው ሒሳቡ ላይ ነው። ቡሬን የምታህል ላም በቀን 6 እና 7 ኪሎ ደረቅ መኖ ትበላለች። 50 ግራም ማለት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። እነ ብራዚል የሚሰጡት በኪሎ ነው እንጂ በማንኪያ አይደለም! ከረጢቱ በ40 ቀን ያልቃል፤ ለ40 ቀን 3 ሺህ 200 ብር፣ በቀን 80 ብር ማለት ነው።

ሌላም አለ። የሩዝ ገለባ ፕሮቲኑ ከመቶ 4 አካባቢ ነው፤ የጨጓራው ሠራተኞች በደንብ ለመሥራት ቢያንስ 7 ገደማ ይፈልጋሉ። አሸዋ መሳይ ሲሊካም በብዛት አለበት። ሠራተኛውን ሳታበሉ ሥራ ብትጨምሩበት ምን ዋጋ አለው? ቡሬ መጀመሪያ የራባት ናይትሮጅን ነው።

ለአጎቴ ይሄን ሁሉ በስልክ ሳስረዳ ዝም ብለው ሰሙኝና «እሺ፣ አትግዛ ካልክ ምን ላድርግ?» አሉ። ጥያቄው ትክክል ነው። «አትግዙ» ማለት ቀላል ነው፤ ላሟ ግን በምክር አትጠግብም።

ቅዳሜ ወረታ ወረድኩ። ከቀበሌው የእንስሳት ባለሙያ ጋር ሆነን ገለባውን በዩሪያ አከምነው። ለ100 ኪሎ ገለባ 5 ኪሎ ዩሪያ በ80 ሊትር ውኃ በደንብ በጥብጠን፣ እያርከፈከፍን፣ እየረገጥን ጉድጓድ ውስጥ ከተትነውና በላስቲክ ግጥም አድርገን ዘጋነው። 3 ሳምንት። ሲከፈት ሽታው ዓይን ያስለቅሳል፤ ከመስጠት በፊት አንድ ቀን ነፋስ ማስመታት ግድ ነው፣ አሰጣጡም በጥቂት በጥቂቱ ይጀመራል። ለትንንሽ ጥጃ አይሰጥም። የተበጠበጠውን ውኃ ከብት ከጠጣው ይገድላል፤ እባካችሁ፣ ባልዲውን ሜዳ ላይ ጥላችሁ እንዳትሄዱ።

የሚሟሟው ፋይበርስ? እሱ እኮ ጓሮ ነበር። ፎገራ ሩዝ ከታጨደ በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። የጥራጥሬ ገለባና ገለፈት ከሩዝ ገለባ የበለጠ ፔክቲን አለው። አጎቴ ግን የጓያውን ገለባ አውድማ ላይ ትተውት ነበር፤ ግማሹን የጎረቤት አህያ ጨርሶታል። የቀረውን ሰበሰብን። ከላዩ በቀን ትንሽ የኑግ ፋጉሎ።

የሩዝ ፉርሽካም ገዛን፣ እዚህ ላይ ግን ተሸወድን። ወፍጮው ቅርፊቱንና ፉርሽካውን አንድ ላይ ነው የሚያወጣው፤ ቅርፊቱ ደግሞ ለላም ምንም አይደለም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ አንድ እፍኝ ውኃ ላይ በትኑት፣ ቅርፊቱ ይንሳፈፋል። የኛው ግማሹ ተንሳፈፈ። ንጹሑም ቢሆን ዘይት ስላለው ቶሎ ይሻግታል፣ ለወር ተብሎ አይከመርም።

ባሕር ዳር ስመለስ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ከቢሮዬ ፊት ለፊት ያለው ጁስ ቤት የብርቱካን ልጣጭ በየማታው በጆንያ ያስጥላል። ደረቅ የብርቱካን ልጣጭ ከ5 እጅ አንዱ ገደማ ፔክቲን ነው። ማለትም አንድ ኪሎው ብቻ የዚያን ዱቄት 4 ማንኪያ ያህላል፣ ያውም ዱቄቱ ሙሉ በሙሉ ፋይበር ከሆነ። ልጆቹን ለመንኳቸው፤ አቮካዶውን ለይተው ብርቱካኑን ብቻ ያስቀምጡልኛል። የአቮካዶ ልጣጭና ፍሬ ለከብት መርዝነት አለውና መለየቱ ለይስሙላ አይደለም። ጣሪያ ላይ አሰጣዋለሁ፤ 5 ኪሎ እርጥብ ደርቆ 1 ኪሎ ቢሆን ነው። የሻገተውን እጥላለሁ። አከራዬ እትዬ መጀመሪያ ቀን «ምን ልትጠምቅ ነው?» ብለውኝ ነበር።

ዶሮ የምታረቡ ወዳጆቼ ግን ይሄን ለዶሮ እንዳትቀዱት። ዶሮ እንዲህ ያለ ጨጓራ የላትም፤ የሚሟሟ ፋይበር ሲበዛባት አንጀቷ ውስጥ እንደ ሙጫ ይሆንና ኩሷ ይጣበቃል፣ መኖውም ሳይዋሃዳት ያልፋል። ላም የሚጠቅም ሁሉ ዶሮ አይጠቅምም።

መጋቢት መጨረሻ ላይ አጎቴ በላስቲክ ጆግ ለክተው ነገሩኝ፤ ከጥጃዋ የተረፈው 2 ሊትር ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። በእጥፍ አይደል? ሻጩ ያለው ደረሰ ብዬ ሳቅኩ። ግን የቱ እንደሠራ አላውቅም፤ ዩሪያው፣ ጓያው፣ ፋጉሎው፣ ልጣጩ፣ ሁሉም ባንድ ወር ነው የገቡት። ድርሻውን ለይቼ ላውጣ ብል አንድ ላም አይበቃኝም። ጎድኗ አሁንም ይታያል፣ ድሮ ግን ከሩቅ ይቆጠር ነበር።

ገበያ የመውጣቱ ነገር ቀርቷል። አሁን በየሳምንቱ አንድ ጆንያ ልጣጭ በወረታ ሚኒባስ እልካለሁ። ረዳቱ «ይሄ ነገር መኪናውን ሙሉ ብርቱካን ብርቱካን አሸተተብኝ» ብሎ የጭነት 20 ብር ጨምሮብኛል። አጎቴ ደግሞ ትናንት ደውለው የጎረቤታቸውም ላም ወልዳለችና ጆንያው ሁለት ይሁን አሉ።