ገዳዩን ተመልካች የሚመርጥበት ተውኔት

ቻርልስ ዲከንስ እ.ኤ.አ. ጁን 8 ቀን 1870 በኬንት በሚገኘው መኖሪያው «የኤድዊን ድሩድ ምስጢር» የተሰኘውን ልቦለድ ሲጽፍ ዋለ። የዚያኑ ዕለት ማታ እራት ላይ ሳለ ወደቀ፤ በማግሥቱም በ58 ዓመቱ አረፈ። መጽሐፉ በየወሩ እየታተመ በ12 ክፍል እንዲያልቅ የታቀደ ነበር። ተጽፎ የተገኘው ግን 6 ክፍል ብቻ ነው። ወጣቱ ኤድዊን በገና ዋዜማ ሌሊት ደብዛው ጠፍቷል፤ ሬሳው አልተገኘም፤ ወንጀለኛው አልተያዘም። ከ115 ዓመት በኋላ የዘፈንና የተውኔት ደራሲው ሩፐርት ሆልምስ ይህን ግማሽ መጽሐፍ ወደ ሙዚቃዊ ተውኔት ለውጦ፣ ገዳዩ ማን እንደሆነ ተመልካቹ በድምፅ ብልጫ እንዲወስን አደረገ። ይህን እንደ ማሻሻጫ ብልሃት የሚያዩት አሉ። እኔ ግን ለዚህ መጽሐፍ ከተሰጡት ፍጻሜዎች ሁሉ ሐቀኛው ይኸኛው ነው እላለሁ።

መጀመሪያ አሠራሩን እንይ። ሆልምስ የዲከንስን ታሪክ በቀጥታ አላቀረበም። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን በለንደን «ሙዚክ ሆል» የሚባሉ፣ ሰው እየበላና እየጠጣ ዘፈንና ቀልድ የሚያይባቸው ቤቶች ነበሩ። መድረክ መሪው እንግዶቹን ያዋዛል፤ ተመልካቹም ይመልስለታል። እኛ ዘንድ አዝማሪው «ተቀበል» ሲባል ከታዳሚው ግጥም እንደሚቀበለው ሁሉ፣ እዚያም በመድረኩና በአዳራሹ መካከል ግድግዳ አልነበረም። የሆልምስ ተውኔት የሚያሳየን እንዲህ ያለ ቤት ተዋንያን የዲከንስን ታሪክ ሲጫወቱ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ሰው ነው፤ አንድም ተዋናዩ፣ አንድም ገጸ ባሕርዩ። ኤድዊንን የምትጫወተው ሴት መሆኗም የዚያ ዘመን የእንግሊዝ መድረክ ልማድ ነው። ትርኢቱ ጥሩ ሲሄድ ቆይቶ በድንገት ቀጥ ይላል። መድረክ መሪው ዲከንስ ብዕሩን ያስቀመጠው እዚህ ላይ መሆኑን ይናገራል። ከዚያ በኋላ ያለው የተመልካቹ ነው፤ መርማሪው ማን ነው፣ ገዳዩ ማን ነው፣ በመጨረሻ የሚፋቀሩት እነማን ናቸው የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች በየምሽቱ በአዳራሹ ድምፅ ይወሰናሉ።

ጠንካራው ተቃውሞ «ገዳዩ እኮ ይታወቃል» የሚለው ነው። እውነትም መጽሐፉን በጥንቃቄ ያነበበ ሰው ጣቱን የሚቀስረው በኤድዊን አጎት በጆን ጃስፐር ላይ ነው። ጃስፐር የካቴድራል መዘምራን አለቃ ነው፤ በስውር ግን ኦፒየም ያጨሳል፤ የወንድሙን ያህል የሚያቀርበውን የኤድዊንን እጮኛ ሮዛንም ይመኛል። በሌሊት ከመቃብር ድንጋይ ጠራቢው ጋር ወደ ካቴድራሉ ምድር ቤት ይወርዳል፤ በመንገዱም አጥንት ስለሚበላ ኖራ ይሰማል። ኤድዊንና ሮዛ እጮኝነታቸውን አስቀድመው አፍርሰው እንደነበር ሲነገረው ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ ግድያው ለከንቱ እንደነበር የገባው ሰው አወዳደቅ ነው። የዲከንስ ወዳጅና የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊ ጆን ፎርስተርም ታሪኩ አጎት የእህቱን ልጅ ስለ መግደሉ እንደነበር ከራሱ ከደራሲው መስማቱን ጽፏል። ኖራው ሥጋን ቢበላም ኤድዊን በኪሱ የያዘውን፣ ጃስፐር ያላወቀውን የወርቅ ቀለበት አይበላም፤ ሟቹን የሚያሳውቀው እርሱ ነበር።

ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን ያው ፎርስተር የጻፈውን ቀጣይ ነገር እናንብብ። እንደ እርሱ ገለጻ የመጽሐፉ አዲስነት ገዳዩ በእስር ቤት ሆኖ የራሱን ወንጀል የሌላ ሰው ታሪክ አስመስሎ መተረኩ ላይ ነበር። እንግዲህ ከዲከንስ ጋር የተቀበረው የገዳዩ ስም አይደለም። የተቀበረው አንድ ነፍስ ራሷን እንደ ባዕድ ስታይ የሚያሳየው ጽሑፍ ነው። ስሙን ማወቅ ያንን ገጽ አይመልስልንም። «ጃስፐር ነው» ብሎ መጽሐፉን የሚዘጋ ሰው እንቆቅልሹን ቢፈታም ልቦለዱን አልጨረሰውም።

ሌሎቹ የጨረሱት እንዴት ነው? በ1873 በአሜሪካ በቨርሞንት የሚኖር አንድ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ የዲከንስ መንፈስ እየነገረኝ ጻፍኩት ብሎ ሙሉ ፍጻሜ አሳተመ። በ1914 ደግሞ በለንደን ለጆን ጃስፐር የማስመሰያ ችሎት ተሰየመ፤ ዳኛው ደራሲው ጂ. ኬ. ቼስተርተን፣ የጁሪው ሰብሳቢ ተውኔት ጸሐፊው ጆርጅ በርናርድ ሾው ነበሩ። ጁሪው ሆን ተብሎ ያልተፈጸመ ግድያ ነው ብሎ ፈረደ፤ ቼስተርተንም ከራሱ በቀር ሁሉንም ችሎት በመድፈር ቀጣ። የመጀመሪያው ክፍተቱን በሐሰት ሸፈነው፤ ሁለተኛው በሳቅ አለፈው። ሆልምስ ግን ክፍተቱን ራሱን መድረክ ላይ አወጣው። ሙዚቃው ሲቆም ተመልካቹ አንድ ደራሲ እንደሞተ ይሰማዋል፤ ይህን ስሜት ማንም የተሟላ ፍጻሜ ሊሰጠው አይችልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የወንጀል ታሪክን ባሕርይ ይመለከታል። ምስጢር በማስረጃ እንጂ በጭብጨባ አይፈታም ይላሉ። ልክ ነው። ሆልምስም ይህን ስላወቀ ድምፁን በባዶ ላይ አልሰጠም። በዚያች ዐውሎ ነፋስ በበዛባት የገና ዋዜማ ሌሊት ኤድዊን ከቤት ሲወጣ የጃስፐርን ካፖርት እንዲለብስ አደረገው። በዚህች አንዲት ልብስ ምክንያት ጃስፐርን የሚጠሉ ሁሉ ኤድዊንን በስህተት ሊገድሉ የሚችሉ ሆኑ። ለእያንዳንዱ ተጠርጣሪ ምክንያትና የኑዛዜ ዘፈን ተዘጋጅቶለታል። ተመልካቹ የሚመርጠው አስቀድሞ በታሪኩ ውስጥ ከተዘራው ነው። ከዚያም በላይ ሕዝቡ ማስረጃው የሚያመለክተውን ሳይሆን ሲናዘዝ ማየት የሚፈልገውን ሰው ሊመርጥ ይችላል፤ ብዙኃን ያመኑበትና እውነት የሆነው አንድ አለመሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ መድረክ አላውቅም።

ተውኔቱ በ1985 በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ተጀምሮ በዚያው ዓመት ወደ ብሮድዌይ ተሻገረ፤ 608 ጊዜም ታየ። በ1986 ምርጥ ሙዚቃዊ ተውኔትን ጨምሮ 5 የቶኒ ሽልማቶችን ወሰደ፤ ለድርሰቱና ለሙዚቃው የተሰጡት ሁለቱ ለሆልምስ ናቸው። ሽልማት ግን ክርክር አይዘጋም። አንድ ሰው «ሞትን መጫወቻ አደረገው» ቢለኝ የምመልሰው በመጨረሻው ትዕይንት ነው። ገዳዩ ከተናዘዘ በኋላ፣ ሞቷል ተብሎ የተወሰነበት ኤድዊን በሕይወት ይመጣል፤ ሕይወትን አጥብቆ ስለ መያዝም ይዘምራል። መጽሐፉን ያቋረጠው ሞት ነው። ሆልምስ ዲከንስን ሊያስነሣልን አልቻለም፤ የዲከንስን ልጅ ግን አስነሣልን።