በአሮጌ ትራክተር ላይ ያሉ የኤሌክትሪክ ጠቋሚዎች ሲሳሳቱ እንዴት እንደሚመረመሩ

ትራክተር የሚባለው የእርሻ መኪና በአዳማ፥ በሞጆ፥ በመቂና በባቱ አካባቢ ላለው አራሽ ምን ያህል እንደ ጠቀመ የየወረዳው ሹማምንት የሚያውቁት ነው። በ1977 ዓ.ም. ገደማ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ በአዳማ የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ከተቋቋመ ወዲህ፥ ቤላሩስ የሚባሉት ትራክተሮች በዚያ እየተገጣጠሙ ወደ አገሩ ተሠራጭተዋል፤ ከእነርሱም ዕድሜያቸው ገፍቶ ሳለ ገና የሚያርሱ አሉ። ሞተራቸው ጠንካራ ነው፤ ቶሎ የሚያረጀው ሽቦአቸው ነው።

በሾፌሩ ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ የውሃውን ሙቀት፥ የዘይቱን ግፊት፥ የናፍታውን ልክና የባትሪውን መሙላት የሚናገሩ ጠቋሚዎች አሉ። አንዱ አንድ ጊዜ የተሳሳተ እንደ ሆነ ሾፌሩ «ጌጁ ውሸታም ነው» ብሎ ማየቱን ይተወዋል። ከዚያ በኋላ ጠቋሚው እውነቱን ሲናገርም የሚሰማው የለም፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን በእርሻ ወራት መካከል ይቃጠላል፤ ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩትም ገበሬዎች ዝናቡ ያልፍባቸዋል።

ምርመራው መፍቻ ከመነሣቱ በፊት በአንድ ጥያቄ ይጀመራል፤ የሞተው አንድ ጠቋሚ ነውን፥ ወይስ ሁሉም ናቸው? ሁሉም በአንድነት ቢሞቱ በአንድ ቀን አረጁ ማለት አይደለም፤ የጋራ መንገዳቸው ተቋርጧል እንጂ። ስለዚህ አስቀድሞ ፊውዙ፥ ቀጥሎ የማስነሻው ቁልፍ፥ ከዚያም ሰሌዳውን ከትራክተሩ አካል ጋር የሚያያይዘው፥ መካኒኮች ግራውንድ የሚሉት ሽቦ ይታይ። አቧራ በበዛበት በስምጥ ሸለቆው አገር ይህ የመጨረሻው በተለይ ሊጠረጠር ይገባል፤ አቧራና እርጥበት በብሎኑ ሥር ይገባሉ፥ ዝገትም ይከተላል። ብሎኑን ፈትቶ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ብዙ ወጪ የሌለው ሥራ ነው።

አንድ ጠቋሚ ብቻ የሞተ እንደ ሆነ ግን ጥፋቱ በሞተሩ ላይ በተተከለው ሴንሰር፥ በሽቦው፥ ወይም በጠቋሚው በራሱ ነው። የሙቀቱን ጠቋሚ ለመመርመር ቁልፉ ይከፈት፤ ሞተሩ ግን አይነሣ። ሽቦው ከሴንሰሩ ላይ ይነቀልና ጫፉ የሞተሩን ንጹሕ ብረት ለአንድ አፍታ ይንካ። መርፌው ወደ አንዱ ዳርቻ ፈጥኖ ከሄደ ሽቦውና ጠቋሚው ደኅና ናቸው፤ የሚለወጠው ሴንሰሩ ነው። ካልተንቀሳቀሰ ይኸው ሙከራ በጠቋሚው ጀርባ ይደገም፤ በዚያ ከተንቀሳቀሰ የተበጠሰው ሽቦ ነው። ይህ የሚደረገው በሴንሰሩ ሽቦ ብቻ ነው፤ ኃይል የሚያመጣው ሽቦ ብረት ከነካ ፊውዙን ያቃጥላል፥ ፊውዝም ከሌለ ራሱ ይነድዳል። አዲስ ሴንሰር ሲተከልም በክሩ ላይ ቴፍሎን አይጠቅለል፤ ኤሌክትሪኩ የሚመለሰው በዚያው ክር ነውና። አዲስ ጌጅ ይገዛ የሚል ወረቀት የሚቀርብለት ሹም የሽቦው ሙከራ ተደርጎ እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ሌላው መንገድ ሴንሰሩን ፈትቶ አካሉን በሽቦ ከትራክተሩ ብረት ጋር አያይዞ በፈላ ውሃ መንከር ነው። በዚህ ላይ ግን የተማረ መካኒክ እንኳ ይሳሳታል። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ዳርቻ ነው፤ አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ከፍ ያለች ስለ ሆነች በዚያ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ዝቅ ባለችው በመተሐራ ወደ 97 ይጠጋል። እንግዲህ በአዳማ መርፌው 94 አጠገብ ቢቆም ጌጁ እውነተኛ ነው፤ 100 አላለም ብሎ የሚጥለው ሰው ደኅናውን ዕቃ ይጥላል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ከሁሉ የከበደ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ደኅና ሲሆን እንፋሎቱን አምቆ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። ክዳኑ ጠፍቶ አፉ በጨርቅ የተወተፈ እንደ ሆነ ግን፥ መርፌው ከቀዩ ምልክት ሳይደርስ ውሃው ፈልቶ ያልቃል። ውሃው ከሴንሰሩ በታች ሲወርድም ሴንሰሩ በአየርና በእንፋሎት መካከል ስለሚቀር መርፌው ሊወርድ ይችላል። ሾፌሩ በረደ ብሎ ደስ ሲለው ሞተሩ እየነደደ ነው። ስለዚህ በከባድ ሥራ መካከል መርፌው ያለ ምክንያት የወረደበት ትራክተር ወዲያው ይቁም፤ ሳይበርድ ክዳኑ አይከፈት፥ በጋለውም ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይፍሰስ፤ ቴስታታውን ይሰነጥቃል።

የዘይቱ ግፊት ጠቋሚ በብዙ አሮጌ ትራክተሮች ላይ ኤሌክትሪክ አይደለም፤ ዘይቱ ራሱ በቀጭን ቱቦ ይደርሰዋል። መርፌው ከወደቀ ሽቦ ፍለጋ ሳይደከም ሞተሩ ይጥፋ። የናፍታው ጠቋሚ ቢበላሽ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ንጹሕ ዘንግ ይተካዋል። የባትሪውን መሙላት በሚያሳየው አሮጌ ጠቋሚ ውስጥ ግን ከዲናሞው ወደ ባትሪው የሚሄደው ኃይል ያልፋል፤ በጀርባው ያለው ብሎን ሲላላ ይግላል፥ እሳትም ያስነሣል። በዚያ እጁን የሚያስገባ ሰው አስቀድሞ የባትሪውን ሽቦ ይንቀል።