ይቅርታና ካሳ፦ በአባያ ዙሪያ የዕለት ተዕለት አደጋ ተጎጂዎች መብትና የእርቅ ሥርዓት

መግቢያ

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ በላንቴና በምዕራብ አባያ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚያመራውን መንገድ የሙዝ ጭነት መኪና፣ ባጃጅ፣ ሞተር ብስክሌት፣ የቀንድ ከብትና እግረኛ በአንድነት ይጠቀሙበታል። በዚህ መንገድ፣ በሲቀላና በሴቻ መካከል ባለው አቀበት፣ በሙዝ ማሳ፣ በግንባታ ቦታና በሐይቁ ዳር የሚደርሰው የአካል ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ዜና አይወጣም። በአንድ ቤተሰብ ላይ የሚያሳድረው ውጤት ግን ከባድ ነው። የጫኝነት ወይም የጉልበት ሥራ የሚተዳደር ሰው እግሩ ሲሰበር የሚቋረጠው የቤቱ ሁሉ ገቢ ነው።

እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ በአካባቢው የሚከተለው ሂደት የታወቀ ነው። የአድራሹ ወገን ሽማግሌ ይልካል፤ የመጀመሪያውን የሕክምና ወጪ ይሸፍናል፤ ተጎጂው ወይም ቤተሰቡ ይቅርታ ያደርጋል፤ ጉዳዩም እንደተዘጋ ይቆጠራል። ከወራት በኋላ አጥንቱ በትክክል አለመግጠሙ ወይም ተጎጂው ወደ ቀድሞ ሥራው መመለስ አለመቻሉ ሲታወቅ ግን፣ ይቅር የተባለ ሰው ካሳ ይጠየቃል ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ በኢትዮጵያ ሕግ ይቅርታና ካሳ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውና አንዱ ሌላውን የግድ የማይዘጋው መሆኑ ነው። ሁለቱ ሳይለዩ ሲቀሩ የሚጎዳው ደካማው ወገን ነው።

ጥፋትን የማይጠይቅ ኃላፊነት

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከውል ውጭ የሚመጣ ኃላፊነትን ከአንቀጽ 2027 ጀምሮ ይደነግጋል። ምንጮቹ ሦስት ናቸው፦ የራስ ጥፋት፣ ጥፋት ሳይኖር በሕግ የሚጣል ኃላፊነት፣ እንዲሁም ለሌላ ሰው ድርጊት ተጠያቂ መሆን። ለዕለት ተዕለት አደጋዎች ወሳኙ ሁለተኛው ነው።

በአንቀጽ 2081 መሠረት የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ተሽከርካሪውን ያሽከረከረው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ። ባለቤቱ ከኃላፊነት የሚያመልጠው ተሽከርካሪው በወቅቱ ተሰርቆበት እንደነበር ሲያስረዳ፣ ወይም ጉዳቱ በሙሉም ሆነ በከፊል በተጎጂው ጥፋት የደረሰ መሆኑን በአንቀጽ 2086 መሠረት ሲያረጋግጥ ነው። በከፊል ከሆነ ነጻ የሚወጣው በዚያው መጠን ብቻ ነው። «እኔ አላጠፋሁም» ወይም «የአደጋው ምክንያት አልታወቀም» የሚለው መልስ ብቻውን መከላከያ አይሆንም።

ይህ ደንብ የሚያገለግለው በዋናነት እግረኛን ለመሳሰሉ፣ ከባለቤቱ ጋር ውል ለሌላቸው ሰዎች ነው። ከፍሎ የተሳፈረ መንገደኛ መብቱ በቅድሚያ የሚመነጨው ከማመላለሻ ውሉ ስለሆነ፣ ክሱ ሲዘጋጅ የትኛው ሕግ እንደሚገዛው ከወዲሁ መለየት ይገባል።

ለከብትም የተለየ ደንብ አለ። በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ እንስሳው በድንገት ያመለጠ ወይም ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም። ሆኖም የቤት እንስሳ ባለቤት፣ የራሱ ጥፋት ከሌለበት፣ እንስሳውን ለተጎጂው አሳልፎ በመስጠት ከኃላፊነት ሊወጣ እንደሚችል አንቀጽ 2074 ይፈቅዳል። ሰው የወጋ በሬ ለተወጋው ሊሰጥ ይችላል ማለት ነው።

በአባያና በጫሞ ዳርቻ የሚደርስ የአዞ ጥቃት ግን በዚህ ድንጋጌ ውስጥ በቀላሉ አይገባም። በአርባ ምንጭ የአዞ እርባታ ውስጥ ያለ አዞ የሚያስተዳድረው አካል አለው፤ በሐይቁ ውስጥ በነጻነት የሚኖረው አዞ «ባለቤት» ማን ነው የሚለው ግን አከራካሪ ነው። መንግሥት የዱር እንስሳትን ይጠብቃል፤ መጠበቅ ግን በአንቀጽ 2071 አነጋገር ባለቤት መሆን ነው ወይ? በሐይቁ ላይ ኑሯቸውን ለመሠረቱ ዓሣ አስጋሪዎች ይህ ጥያቄ የንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም።

የካሳው ስሌት

የካሳው መጠን ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን እንዳለበት አንቀጽ 2091 ያስቀምጣል። የወጣው የሕክምና ወጪ ብቻ ሳይሆን ወደፊት መድረሱ እርግጠኛ የሆነ ጉዳትም ሳይጠበቅ እንደሚካስ አንቀጽ 2092 ይገልጻል። ስለዚህ የጫኝነት ሥራ ይሠራ የነበረ ወጣት ዘላቂ ጉዳት ሲደርስበት፣ በቀሪ የሥራ ዘመኑ የሚያጣው ገቢ የካሳው ዋና ክፍል ነው። ትክክለኛውን መጠን ማስረዳት ሳይቻል ሲቀር ዳኛው በርትዕ እንዲወስን አንቀጽ 2102 ሥልጣን ይሰጠዋል። ደረሰኝና የደመወዝ ሰነድ ለሌላቸው የቀን ሠራተኞችና አነስተኛ ገበሬዎች ይህ አንቀጽ እጅግ ጠቃሚ ነው። ሞት ሲከተል ደግሞ የሟች የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆችና ልጆች ስለቀረባቸው መተዳደሪያ በአንቀጽ 2095 መሠረት መጠየቅ ይችላሉ።

በዚህ ስሌት ውስጥ ትልቁ ጉድለት የሚታየው በኅሊና ጉዳት ካሳ ላይ ነው። አንቀጽ 2116 ዳኛው መጠኑን በርትዕና የአካባቢውን ልማድ በማየት እንዲወስን ካዘዘ በኋላ፣ ካሳው በማናቸውም ሁኔታ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይገድባል። ይህ አኃዝ በ1952 ዓ.ም. ትርጉም ነበረው። ዛሬ ልጁን በአደጋ ላጣ ቤተሰብ ይህን ገንዘብ መፍረድ ከማጽናናት ይልቅ ማሳዘን ይሆናል። ለዳኛው ቁልፍ የሰጠው ሕግ በሩን በዚያው አንቀጽ ዘግቶታል።

የመድንና የሥራ ሕግ መንገዶች

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ኃላፊውን ይለያል እንጂ ኃላፊው የመክፈል አቅም ስለመኖሩ ዋስትና አይሰጥም። የአንድ ባጃጅ ባለቤት ከባጃጁ ሌላ ሀብት ላይኖረው ይችላል። ይህን ክፍተት ለመሙላት የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ባለንብረት መድን እንዲገባ ያስገድዳል። አዋጁ ሲወጣ ለሞትና ለአካል ጉዳት የተቀመጠው ጣራ 40,000 ብር፣ ለአስቸኳይ ሕክምና ደግሞ 2,000 ብር ነበር፤ መጠኑ ኋላ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ከፍ ተደርጓል። ገጭቶ ባመለጠ ወይም መድን በሌለው ተሽከርካሪ የተጎዳ ሰውም በመድን ፈንዱ በኩል ካሳ የሚያገኝበት መንገድ አለ። የመድን ጣራው የባለቤቱ ኃላፊነት ጣራ አለመሆኑም መዘንጋት የለበትም፤ ከጣራው በላይ ያለው ጉዳት በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ከባለቤቱ ይጠየቃል።

ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሌላ መንገድ ይከፍታል። በዚህም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ሠራተኛው በጡረታ ሥርዓት ያልተሸፈነ ከሆነ፣ ለዘለቄታ ሙሉ የአካል ጉዳት የአምስት ዓመት ደመወዙ ይከፈለዋል፤ ጉዳቱ ከፊል ከሆነ ክፍያው በጉዳቱ መጠን ይሰላል። ለምሳሌ ያህል በወር 3,000 ብር የሚከፈለው የግንባታ ሠራተኛ የዓመት ደመወዙ 36,000 ብር፣ የአምስት ዓመቱ 180,000 ብር ነው። ጉዳቱ 40 በመቶ ነው ከተባለ ክፍያው 72,000 ብር ይሆናል። የሥራ ውል በቃልም ሊመሠረት ስለሚችል፣ የተጻፈ ውል አለመኖሩ ብቻውን መብቱን አያስቀርም።

ዱቡሻና ችሎት

በጋሞ ባህል ዱቡሻ የማኅበረሰቡ ጉዳይ በአደባባይ የሚታይበት፣ ጠብ የሚበርድበት ቦታ ነው። ከጎሜ እምነት ጋር የተሳሰረ በመሆኑም ጥፋትን መደበቅ በራስና በወገን ላይ መከራ ያመጣል ተብሎ ስለሚታመን፣ እውነት መናገር የእርቁ መነሻ ነው። የሥርዓቱን ኃይል አገሩ ሁሉ ያየው በመስከረም 2011 ዓ.ም. ነበር። በቡራዩ የደረሰውን ግድያ ተከትሎ በአርባ ምንጭ ለበቀል የተነሣውን ወጣት የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው መልሰውታል። እንዲህ ያለ ሥርዓት ባለበት አካባቢ የአደጋ ጉዳይ መጀመሪያ ወደ ሽማግሌ መሄዱ የሚጠበቅና የሚደገፍ ነው።

ሁለቱ ሥርዓቶች የሚለያዩት በሚያነሡት ጥያቄ ነው። ዱቡሻ የሚጠይቀው እውነቱ ምንድን ነው፣ የተበላሸው ግንኙነትስ እንዴት ይታደስ ብሎ ነው። የካሳ ሕግ የሚጠይቀው ጉዳቱ ስንት ነው፣ ማንስ ይሸከመው ብሎ ነው። አንቀጽ 2081ም ሆነ አንቀጽ 2071 ስለ ጥፋት ስለማይጠይቁ፣ ይቅርታው የሚያነሣው ቂም እነርሱ ለሚጥሉት ኃላፊነት መሠረት አልነበረም። እንደዚሁም አሽከርካሪው በወንጀል ክስ ነጻ መባሉ የካሳ ክሱን እንደማይዘጋ ከአንቀጽ 2149 እንረዳለን።

ችግሩ የሚጀምረው ይቅርታው በጽሑፍ ሲሰፍርና «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ዐረፍተ ነገር ሲጨመርበት ነው። ተዋዋዮች ክርክራቸውን በስምምነት መጨረስ እንደሚችሉ ከአንቀጽ 3307 ጀምሮ የተደነገገ ሲሆን፣ በአንቀጽ 3312 መሠረት እንዲህ ያለ ስምምነት በመካከላቸው የመጨረሻ ፍርድ ያህል ኃይል አለው። የሕክምናው ውጤት ሳይታወቅ በሁለተኛው ሳምንት የተፈረመ ወረቀት የሁለተኛውን ዓመት ጉዳት ሊያስቀር ይችላል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ መድን ሰጪው ሳያውቅ የተደረገ ስምምነት በመድን ውሎች ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይፈቀድ፣ ባለንብረቱን ከመድን ሽፋኑ ጋር ሊያጋጨው ይችላል።

የይርጋ ጊዜ

ሌላው አደጋ ጊዜ ነው። በአንቀጽ 2143 መሠረት የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከዚህ የሚረዝም ከሆነ ረጅሙ ጊዜ ይሠራል። ጊዜው የሚቆጠረው ሕክምናው ካለቀበት ወይም እርቁ ካልተሳካበት ቀን አይደለም። በሥራ ሕግ ደግሞ በመርሕ ደረጃ የይርጋው ጊዜ አንድ ዓመት ብቻ ነው። «ትንሽ ታገሥ፣ እንጨርሰዋለን» እየተባለ የሚያልፈው እያንዳንዱ ወር ከዚህ ላይ ይቀነሳል።

በመሆኑም ሽማግሌዎችም ሆኑ ተጎጂዎች ሊጠብቋቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ። አንደኛ፣ ይቅርታው ወዲያው ሊደረግ ይችላል፤ የገንዘቡ ስምምነት ግን ሐኪሞች የጉዳቱን መጠን በጽሑፍ እስኪወስኑ ቢቆይ ይመረጣል። ሁለተኛ፣ እስከዚያ የሚከፈለው ገንዘብ «ለሕክምና የተሰጠ ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ፣ ቀኑና መጠኑ ተጽፎ፣ በምስክር ይፈረም። ሦስተኛ፣ ስምምነቱ ወደፊት የሚታይ የአካል ጉዳት መብትን እንደማይነካ በግልጽ ይጻፍ። አራተኛ፣ የፖሊስ የአደጋ ፕላን፣ የሕክምና ማስረጃና የገቢ ምስክሮች ስም ከመጀመሪያው ይሰብሰብ። አምስተኛ፣ የይርጋው ማብቂያ ቀን በስምምነቱ ወረቀት ላይ ይሰፍር። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ለማይችል ተጎጂም በድሃ ደንብ የመክሰስ መብት አለ።

ማጠቃለያ

የአካል ጉዳት ካሳን ከክርክር ለማውጣት የሞከሩ አገሮች አሉ። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ የአደጋ ተጎጂዎችን ከሕዝብ ፈንድ በመካስ በምላሹ የመክሰስ መብትን በእጅጉ አጥብባለች። በአገራችን ያለው የመድን ፈንድ በተሽከርካሪ አደጋ የተወሰነ ቢሆንም በዚያው አቅጣጫ የተወሰደ እርምጃ ነው። በሬ የወጋውና አዞ የነከሰው ሰው ግን ዛሬም ቀዳሚ መጠጊያው ሽማግሌና ችሎት ነው።

ስለዚህ ለተመራማሪዎች ሁለት ጥያቄዎች ይቀራሉ። የ1,000 ብሩ የኅሊና ካሳ ጣራ በምን መልክ ይሻሻል? በዱቡሻ የሚደረጉ የአደጋ እርቆችስ ለተጎጂዎች የሚያስገኙት ገንዘብ ከፍርድ ቤት ውሳኔዎች ጋር ሲነጻጸር ምን ይመስላል? ሁለተኛው በመስክ ጥናት ብቻ የሚመለስ ሲሆን፣ ለአካባቢው የሕግና የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ቅርብ ነው። እስከዚያው ሊባል የሚችለው ይህ ነው፦ ጋሞ አባቶች የሚያወርዱት እርቅ ሰውን ከሰው ያስታርቃል፤ የተሰበረውን እግር ዋጋ መተመን ግን ሌላ ሥራ ነው፤ ለዚያም ሥራ ጊዜና ማስረጃ ሊጠበቅለት ይገባል።