ቼ በለው፦ የዋሊያስ ባንድ ረጅም መንገድ

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወጣውን መንገድ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አዋሽን ተሻግራችሁ ዴራን ካለፋችሁ በኋላ ሙቀቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ኢተያ ስትደርሱ ልጆቹ ሹራብ ይጠይቃሉ። ከዚያ ወዲያ ግራና ቀኙ የስንዴና የገብስ ማሳ ነው፤ ጭላሎም ደመናውን ተከናንቦ ከርቀት ይታያል። በመንገዱ ዳር ጋሪ የሚነዳ ወጣት ወይም ወደ ገበያ የሚገሰግስ ፈረሰኛ አይጠፋም። ፈረሱን «ቼ!» ሲለው መኪናችሁ ውስጥ ሆናችሁም ትሰሙታላችሁ።

«ቼ በለው» የሚባል የሙዚቃ አልበም እንዳለስ ታውቃላችሁ? ለበዓል ወደ አሰላ፣ ወደ ወላጆቻችሁ ቤት ስትሄዱ መኪናው ውስጥ ክፈቱት። በተለይ «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለውን ሥራ አስደምጡ። ከኋላ የተቀመጡት ልጆች አንገታቸውን መነቅነቅ ይጀምራሉ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ዘፋኙ የታለ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ዘፋኝ የለም። የሚሰሙት ዋሊያስ ባንድን ነው፤ የባንዱ ታሪክም ለልጆች ሊነገር የሚገባው ነው።

የራሳቸው መሣሪያ

ዋሊያስ የተመሠረተው እ.ኤ.አ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ቬነስ በሚባል የምሽት ክበብ ይጫወቱ በነበሩ ሙዚቀኞች ነው። በዚያ ዘመን ሙዚቀኛ የሚቀጠረው በክበብ ነበር፤ መሣሪያውም የክበቡ ንብረት ነው። ባለቤቱ ሲያሰናብተው ሙዚቀኛው ባዶ እጁን ይወጣል። እነዚህ ወጣቶች የራሳቸውን መሣሪያ ይዘው በራሳቸው ስም ሊሠሩ ተነሡ። ዛሬ ተራ ነገር ይመስላል፤ ያኔ ግን ለሙዚቀኛ ነፃነት ማለት ይህ ነበር።

ኦርጋን የሚጫወቱት ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ በ1946 ደብረ ብርሃን ተወለዱ። ደብረ ብርሃንም እንደ አሰላ ብርድና ገብስ የሚያውቅ የደጋ ከተማ ነው። በአሥር ዓመታቸው አዲስ አበባ ገቡ፤ በልጅነታቸውም አኮርዲዮን ለራሳቸው ተማሩ። ከእሳቸው ጋር ግርማ በየነ በፒያኖና በቅንብር፣ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ በትራምፔት፣ መላከ ገብሬ በቤዝ ጊታር፣ ማህሙድ አማን በጊታር፣ ተማረ ሀረጉ በድራም ተሰልፈዋል።

ከየት የመጣ ሙዚቃ ነው ብትሉ፣ ሥሩ ብዙ ነው። የነሐስ መሣሪያውን ባህል ያቆዩት የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ናቸው። ጃዙን እነ ሙላቱ አስታጥቄ ከውጭ ተምረው መጥተው ከአገራችን ቅኝት ጋር አዋህደውት ነበር። ኃይሉም አሜሪካዊውን የጃዝ ኦርጋን ተጫዋች ጂሚ ስሚዝን በፍቅር ያደምጡ ነበር። ከአሜሪካ የጥቁሮች ሠፈር የወጣው ሶልና ፈንክ ደግሞ በሸክላና በሬዲዮ አዲስ አበባ ደርሷል። ፈንክ ሲባል ዜማው ቀለል ብሎ ምቱ የሚከብድበት፣ ቤዙና ድራሙ ሙዚቃውን የሚሸከሙበት ስልት ነው። የዋሊያስ ልጆች በዚህ ምት ላይ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን አስቀመጡበት። እግር የሚያስረግጠው ምት የውጭ ቢሆንም ሆድ የሚያባባው ዜማ የቤታችን ነው።

እስኪነጋ ድረስ

ዋሊያስ ወደ አሥር ለሚጠጉ ዓመታት የሂልተን ሆቴል ባንድ ነበር። እንግዳው የውጭ ዲፕሎማትም የአገር ሰውም ስለሆነ፣ ሙዚቀኞቹ አንዱን ምሽት በጃዝ ጀምረው በሶል አጋምሰው በጉራግኛ ምት ሊጨርሱት ይችሉ ነበር። እንዲህ ያለ መድረክ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው፤ ሁሉን መቻል ግድ ይላል።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ሰዓት እላፊ ታወጀ። ወላጆቻችሁን ጠይቋቸው፤ ያኔ ምሽት ክበብ የገባ ሰው በሩ ከተዘጋ በኋላ የሚወጣው ሲነጋ ነው። ውጭ ጥይት፣ ውስጥ ሙዚቃ። ባንዶቹም እስከ ንጋት መጫወት ነበረባቸው። ዘፋኝ ሲደክመው ማን ይጫወታል? መሣሪያው ብቻውን። ቃል በሚያስጠይቅበት ዘመን፣ ቃል የሌለው ዜማ ማንንም አያስወነጅልም።

«ቼ በለው» የታተመው በእነዚያ ዓመታት፣ እ.ኤ.አ በ1977 ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን ተሳትፈውበታል። በግርማ በየነ የተደረሰው «ሙዚቃዊ ስልት» ዛሬ በውጭ አገር ባንዶች ጭምር ደጋግሞ የሚጫወት ሥራ ሆኗል። ሸክላውና ካሴቱ በድምፃዊ ስም በሚሸጥበት አገር፣ ያለ ድምፃዊ አልበም ማሳተም ግን ደፋርነት ይጠይቅ ነበር።

ያልተመለሱት አራቱ

እ.ኤ.አ በ1981 ዋሊያስ ከማህሙድ አህመድ ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዘ። አንድ ዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንድ አሜሪካን ሲዞር የመጀመሪያው ነበር። ተመልካቹ በአብዛኛው ከአገሩ የተሰደደ ኢትዮጵያዊ ነው። ጉዞው ሲያልቅ ባንዱም ለሁለት ተከፈለ። ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ፤ ሌሎቹ ወደ አገር ቤት ተመለሱ።

የቀሩት ዙላ ባንድ የሚል ቡድን አቋቁመው ጥቂት ሠሩ። ኃይሉ እ.ኤ.አ በ1985 ብቻቸውን ስቱዲዮ ገብተው፣ የልጅነት አኮርዲዮናቸውን ከሲንተሳይዘርና ከሪትም ማሽን ጋር አጣምረው አንድ ካሴት ቀረጹ። ካሴቱ አገር ቤት ተሰማ፤ ከዚያ ዝም አለ። ኃይሉም በዋሽንግተን አካባቢ የታክሲ ሹፌር ሆኑ።

ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ቤተሰብ ስንት ነው? መምህር የነበረ ታክሲ የሚነዳ፣ ነርስ የነበረች ሕፃን የምትጠብቅ በየቤታችን አለ። ብዙዎች ሙያቸውን በሻንጣ ይዘው ሄደው ሻንጣውን ሳይከፍቱ ያረጃሉ። ኃይሉ ግን ሻንጣውን አልዘጉትም። በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ታክሲያቸው ኋላ ላይ ይጭናሉ። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራቸው እስኪደርስ ሲጠብቁ፣ ኪቦርዱን አውጥተው መኪናቸው ውስጥ ይለማመዳሉ። አድማጭ የለ፣ ጭብጨባ የለ። ተራ ሲደርስ ኪቦርዱ ይመለሳል፤ ተሳፋሪውም ማን እንደሚነዳው ሳያውቅ ወርዶ ይሄዳል።

ባሕር ዳር ላይ የተገኘው ካሴት

ከዓመታት በኋላ አሮጌ የአፍሪካ ካሴቶችን የሚሰበስብ ብራየን ሺምኮቪትስ የሚባል አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ ያን የ1985 ካሴት አገኘ። ሰምቶ አላለፈውም፤ ባለቤቱን አፈላልጎ ደወለላቸው። ካሴቱ እ.ኤ.አ በ2013 በድጋሚ ታተመ፤ በሚቀጥለው ዓመት «ቼ በለው» ተከተለ። ስልኩ ሲደወል ኃይሉ ወደ ሰባ እየተጠጉ ነበር። ጣታቸው ግን አልዛገም፤ ታክሲው ውስጥ ያለፉት ሰዓታት ጠብቀውታል። በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ዳግም ተጫወቱ። እ.ኤ.አ በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 «የኔ ምርጫ» የተሰኙ አዳዲስ አልበሞች አወጡ።

ግርማ በየነም ለረጅም ዓመታት ከመድረክ ርቀው ከቆዩ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ እ.ኤ.አ በ2017 አካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር አልበም ሠርተዋል።

ይህ ሁሉ የሆነው በሁለት ነገር ነው። አንዱ ሰሚ ሳይኖር ያልተቋረጠ ልምምድ ነው። ሁለተኛው፣ ባሕር ዳር ላይ አንድ ሰው ያን ካሴት አለመጣሉ ነው።

የእናንተስ ቤት ሣጥን?

እንግዲህ አሰላ ደርሳችኋል። ቡናው እስኪፈላ እናንተም የካሴት ሣጥኑን ፈልጉ። ከቁም ሣጥኑ በላይ ወይም ከአልጋው ሥር መኖሩ አይቀርም። ካገኛችሁት ወዲያው አሮጌ ቴፕ ውስጥ አትክተቱት፤ ክሩ ሊበላ ይችላል። መጀመሪያ ቀስ ብላችሁ በእስክሪብቶ አጠንጥኑት። ከፀሐይና ከእርጥበት አርቁት፤ ንጹሕ ማጫወቻ ስታገኙም ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ ስልክ አስገልብጡት። ሽፋኑን አትጣሉ፤ የተጫዋቾቹ ስም የሚገኘው እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ አባታችሁን ወይም እናታችሁን «ይህን ስትሰሙ የት ነበራችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ልጆቹም አጠገባችሁ ይቀመጡ። ከእነሱ መካከል ኪቦርድ ወይም ክራር መማር የጀመረና «ማንም አይሰማኝም» ብሎ ሊተው ያሰበ ካለ፣ የታክሲውን ኪቦርድ ታሪክ ንገሩት። በመልሱ መንገድ ፈረሰኛው «ቼ!» ሲል ያን ጊዜ ልጆቹ ራሳቸው ሙዚቃውን ክፈቱልን ይሏችኋል።