«ጥገኛ»ና «አስጠጊ»፦ ስለ አንድ የዓሣ ትል ስያሜ የቀረበ ማብራሪያ

የሥነ ሕይወት ጽሑፎችን ወደ አማርኛ ስንመልስ ከሚያጋጥሙን ችግሮች አንዱ፣ በሕዝብ ዘንድ የታወቀን ቃል ለሌላ ጽንሰ ሐሳብ ማዋል ነው። በጣና ሐይቅ ትናንሽ ዓሦች ሆድ ውስጥ የሚገኘው ሊጉላ የተባለ ጥገኛ ትል ለዚህ ምሳሌ ስለሚሆን፣ ስያሜውን ከሕይወት ዑደቱ ጋር አያይዘን እንመረምራለን።

ሊጉላ ከኮሶ ትል ጋር በአንድ መደብ የሚመደብ በመሆኑ «የዓሣ ኮሶ» ብሎ መተርጐም ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የጣና ገባር የሆነው ግልገል አባይ በሚፈስበት በጎጃም፣ ከአዴት እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ለሚገኝ አንባቢ፣ ኮሶ ማለት ከጥሬ የከብት ሥጋ የሚመጣ፣ በሰው አንጀት የሚኖር፣ የዛፉ አበባ ተወቅጦና ተበጥብጦ ሲጠጣ የሚወጣ ትል ነው፤ ትሉም፣ ዛፉም፣ መድኃኒቱም በአንድ ስም ይጠራሉ። ስለዚህ «የዓሣ ኮሶ» የሚለውን ያነበበ ሰው ዓሣ መብላት ኮሶ ያስይዛል ብሎ ቢደመድም፣ ጥፋቱ የተርጓሚው ነው። በመሆኑም የትሉን መልክ ተከትለን «ጥብጣብ ትል» የሚለውን እንመርጣለን።

የትሉ ዑደት የሚከተለው ነው። እንቁላሉ ከወፍ ኵስ ጋር ውሃ ውስጥ ይወድቃል። ከእርሱም የሚፈለፈለው ዋናተኛ እጭ ኮፔፖድ በሚባል ደቂቅ የውሃ እንስሳ ይዋጥና ወደ ሁለተኛ እጭነት ይለወጣል። ዓሣ ኮፔፖዱን ሲበላ፣ ሦስተኛው እጭ በዓሣው ሆድ ዕቃ ውስጥ ያድጋል፤ ሆዱን ይነፋል፣ የመራቢያ አካሉም እንዳይዳብር ያግዳል። በጣና ይህ የታወቀው ባርበስ ሁሚሊስና ባርበስ ታናፔላጊየስ በተባሉት ዓሦች ላይ ሲሆን፣ የኋለኛው ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ በሳይንስ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። በመጨረሻም ዓሣ በል ወፍ ዓሣውን ሲውጠው፣ ትሉ በወፉ አንጀት በጥቂት ቀናት ውስጥ ጐልምሶ እንቁላል ይጥላል። ሰው በዚህ ዑደት ውስጥ ቦታ የለውም።

ጥገኛው የሚኖርበትን እንስሳ ለመሰየም «አስተናጋጅ» የሚለው ቃል ተለምዷል። ይሁን እንጂ ይህ ቃል በምግብ ቤት የሚያገለግለውን ሰው ያስታውሳል። «ጥገኛ» ከ«ተጠጋ» የወጣ እንደ መሆኑ፣ ከዚያው ሥር «አስጠጊ» ብንል ሁለቱ ቃላት ይተረጓጐማሉ። «አስጠጊ»ም በጎ ፈቃድን ማመልከቱ ባይቀርም፣ የሥር ዝምድናው ይህን ጉድለት ያካክሰዋል።

ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያሻው ግን ቅጽሉ ነው። «ዋና አስጠጊ» ከተባለ፣ አንባቢ ትሉ ለረጅም ጊዜ የሚቈይበትንና በዓይን የሚታይበትን ዓሣ ዋና አድርጎ ይወስዳል። በሳይንስ ግን መለያው የቈይታው ርዝመት ሳይሆን ትሉ ጐልምሶ የሚራባበት ቦታ ነው። ስለሆነም ወፉን «መራቢያ አስጠጊ»፣ ኮፔፖዱንና ዓሣውን «መሸጋገሪያ አስጠጊ» ማለት ይሻላል። በዚሁ መለኪያ፣ በኮሶ ትል ዑደት መሸጋገሪያው ከብቱ፣ መራቢያው ሰው ይሆናል፤ የሁለቱ ትሎች ልዩነትም ከስማቸው ይልቅ በዚህ ጐልቶ ይታያል።