ኦቭናችሁ «ኤፍ» ብሎ ሲያኮርፍ

የልደት ኬኩ ሊጥ ተዘጋጅቷል፤ እንግዶች መንገድ ላይ ናቸው። ሽሮ ሜዳ መብራት ሄዶ መጣና ኦቭናችሁ «ኤፍ» ከሚል ፊደል ጋር ቁጥር ደቅኖ አልሞቅም አለ እንበል። ምን ታደርጋላችሁ?

አትደንግጡ! ሁልጊዜ ተቃጠለ ማለት አይደለም። መብራት ሲዋዥቅ በውስጡ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ሊደናገር ይችላል። ብሬከሩን አጥፉና አምስት ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ አብሩት። ቁጥሩ ከጠፋ ተገላገላችሁ! ያው ቁጥር ተመልሶ ከመጣ ግን ጻፉትና ትርጉሙን ከመመሪያው ፈልጉ። ኮዱ በየፋብሪካው ስለሚለያይ የጎረቤት ኦቭን መልስ አይሆናችሁም።

አንዳንዴ ጥፋቱ ያለው ሙቀት በሚለካው ሴንሰር ላይ ነው፤ እሱን መለወጥ ደግሞ ቦርዱን ከመለወጥ ይረክሳል። ስለዚህ ጠጋኙ «ቦርዱ ሞቷል» ሲላችሁ፣ ኪሳችሁን ከመዳበሳችሁ በፊት «ሴንሰሩስ ተለካ ወይ?» በሉት። የኋላ ክዳኑን ግን ራሳችሁ እንዳትከፍቱ፤ 220 ቮልት ቀልድ አያውቅም!